የሠልስቱ ቀን ፓስወርድ

«ፓስወርድ ለማንም አይሰጥም» የሚለውን ወረቀት በኮሌጁ ግድግዳ ሁሉ ላይ የለጠፍኩት እኔ ነኝ። በትልልቅ ፊደል፣ በቀይ ቀለም፣ ከሥሩ ስሜንና ፊርማዬን አኑሬ። ስለዚህ እኔን ለመስደብ የተሰናዳችሁ አትድከሙ፤ ራሴን ሰድቤ ጨርሻለሁ። የቀረኝ ስድብ ለሌሎቹ ነው፤ እሱ ደግሞ ገና አላለቀም።

ስሜ ገላነሽ ተክለጻድቅ ይባላል። ሐረር አዲሱ ከተማ ውስጥ ባለ አንድ የግል ኮሌጅ የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ ነኝ። ኃላፊ ይበሉኝ እንጂ ከእኔ በታች ያለው የተቀመጥኩበት ወንበር ብቻ ነው። ኮሌጁ ዘጠኝ ዋና ዋና ኮምፒውተሮች አሉት፤ አምስቱ እዚሁ ግቢ፣ የቀሩት ጭሮ፣ ባቢሌና ጅግጅጋ ባሉት ቅርንጫፎች። ድሮ አንዱ በታመመ ቁጥር ሚኒባስ ላይ የምወጣው እኔ ነበርኩ። አንድ ጊዜ የተነቀለ ገመድ ለመሰካት ብቻ ጭሮ ሄጄ፣ ሰክቼ፣ አድሬ ተመልሻለሁ። ሲመረኝ ሪሞት ዴስክቶፕ የሚሉትን ዘረጋሁ። ከዚያ ወዲህ ሐረር ቁጭ ብዬ የጭሮውን ኮምፒውተር ፊቴ እንዳለ አድርጌ እከፍተዋለሁ፤ ጠቅ አድርጌ ባቢሌ እገባለሁ፤ ሌላ ጠቅ አድርጌ ጅግጅጋ።

የዘጠኙንም አድራሻና መግቢያ አንድ ፕሮግራም ውስጥ በየስማቸው አስቀምጬአለሁ። የእያንዳንዳቸው ፓስወርድ ረጅምና ለየብቻ ነው፤ እኔ ራሴ እንኳ በቃሌ አላውቃቸውም፤ ፕሮግራሙ ያስታውስልኛል። ፕሮግራሙን የሚከፍተው ግን አንድ ፓስወርድ ነው። እሱን ያወቀ ሰው ዘጠኙንም በር በአንድ ቁልፍ ከፈተ ማለት ነው፤ የሚገባውም በእኔ ስም ነው።

ዝርዝሩን እንደ ቤቴ ጓዳ ነበር የምይዘው። ማን የት እንደተቀመጠ ዓይኔን ጨፍኜ አገኘዋለሁ። በተለይ ሁለቱን አጠብቃለሁ፤ የሬጅስትራሩን ኮምፒውተርና መለማመጃውን። መለማመጃው የሬጅስትራሩ ግልባጭ ነው፤ አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ እንደልቡ እየጫነ፣ እየሰረዘ የሚማርበት። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲከፈቱ መንታ ስለሆኑ የሬጅስትራሩን ገጽ ቀይ፣ የመለማመጃውን አረንጓዴ ቀብቼው ነበር። ቀይ ካየህ እጅህን ሰብስብ፣ አረንጓዴ ካየህ ተጫወት። አምስት ዓመት ሙሉ አንድም ሰው አልተሳሳተም።

ከዚያ አቶ እንደሻው መጡ። አቶ እንደሻው ዲናችን ናቸው። በ2009 ጥቅምት ላይ ከአዲስ አበባ እንግዶች ሊመጡ ነው ተባለና በኮምፒውተሮቹ ሁሉ ገጽ ላይ የኮሌጁ ዓርማ ይሁን ብለው አዘዙ። ቀለሙ ለጌጥ እንዳልሆነ፣ ሰው እንዳይሳሳት ብዬ እንደቀባሁት አስረዳኋቸው።

«ገላነሽ» አሉኝ እየሳቁ፣ «ኮሌጅ ነው እንጂ ሰርግ ቤት አይደለም። ቀይና አረንጓዴውን ተይው።»

ተውኩት። ያን ቀን ጠረጴዛ መደብደብ ነበረብኝ። አልደበደብኩም። እንግዶቹም ሳይመጡ ቀሩ፤ ዓርማው ግን እዚያው ተቀመጠ።

ኅዳር አሥራ ሁለት ቀን አባቴን ቀበርኩ። አባቴ ተክለጻድቅ አርባ ዓመት መሬት ሲለካ የኖረ ቀያሽ ነበር፤ የሐረርን ዙሪያ በእግሩ ያልረገጠው ቦታ የለም። በልብ ድካም በሦስት ቀን ውስጥ ሄደ። አቦከር ባለው ቤታችን ደጅ እድሩ ድንኳን ተከለ፣ እኔና እናቴ ፍራሽ ላይ ተቀመጥን፣ ሰው ይመጣል፣ ያለቅሳል፣ ይቀመጣል። እኔ እንባ አልመጣልኝም። ነገ ይመጣል፣ ዛሬ ማታ ይመጣል እያልኩ ደርቄ ተቀምጫለሁ።

በሠልስቱ ቀን፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ፣ የኮሌጁ ሰው በሚኒባስ ተጭኖ መጣ። ሁሉም። ወይዘሮ ሮማነወርቅ የሬጅስትራሯ፣ ሐሊማ የቤተ መጻሕፍቷ፣ የፋርማሲ ክፍል ኃላፊው፣ የሒሳቡ፣ ከፊት ደግሞ አቶ እንደሻው። አየኋቸው። እዚያን ጊዜ መጣ፣ እንባዬ። ጉሮሮዬ ላይ ደረሰ። አቶ እንደሻው አጠገቤ ዝቅ ብለው ተቀመጡና እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ።

«እግዚአብሔር ያጥናሽ፣ ገላነሽ።»

«አሜን፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አልኩ።

እጄን አልለቀቁም። አንገታቸውን ዘንበል አድርገው አፋቸውን ወደ ጆሮዬ አስጠጉ።

«በዚህ ሰዓት ይቅርታ አድርጊልኝ… ያንን የዘጠኙን መክፈቻ ብትነግሪኝ። ነገ የጭሮ ሰዎች ይመጣሉ፤ የዓምናውን ውጤት መለማመጃው ላይ ጭኜ ላሳያቸው ነው። ሌላ ምንም አልነካም።»

አሁን እናንተ ‹እንዴት ትሰጫለሽ?› ትላላችሁ። እኔም እላለሁ። ግን ድንኳን ውስጥ ተቀምጣችሁ ታውቃላችሁ? ለቅሶ የደረሰን ሰው፣ እጅህን ይዞ ያጽናናህን ሰው ‹አይሆንም› የምትልበት አፍ የለም። ቢሮ ቢሆን ግድግዳውን በጣቴ አሳይቼ እመልሳቸው ነበር። እዚያ ግድግዳ የለም፤ ሸራ ነው ያለው። ደግሞ ከእምቢታ ይልቅ መስጠት ቶሎ ያልቃል፤ ቶሎ እንዲያልቅና እንዲተዉኝ፣ እንዳለቅስ ፈለግሁ።

ነገርኳቸው። በሹክሹክታ፣ ፊደል በፊደል፣ ይኼ ትልቅ ነው፣ ይኼ ትንሽ ነው፣ እዚህ ላይ ሰባት ቁጥር፣ እዚህ ላይ ነጥብ እያልኩ። እስክሪብቶ አውጥተው መዳፋቸው ላይ ጻፉት። «ድገሚልኝ» አሉ፤ ደገምኩላቸው። ሲነሱ ጉሮሮዬ ላይ የደረሰው እንባ የለም። ተመልሶ ወርዷል። ከአፍ የወጣ ከአፋፍ የወደቀ ነውና ፓስወርዱም ሄደ፣ ለቅሶዬም ሄደ።

እሳቸው አስቸኳይ ጉዳይ አለኝ ብለው በባጃጅ ቀድመው ወጡ። ሌሎቹ እስከ አሥር ሰዓት ከእኔ ጋር ተቀምጠው በሚኒባሱ ተመለሱ። ይኼን ያዙልኝ።

ሥራ የገባሁት ሐሙስ፣ ኅዳር ሃያ ሁለት ነው። ገና ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ ዘቢባ በሩ ላይ ቆማ አገኘኋት። ዘቢባ ከጀጎል ናት፣ ከፈላና በር ውስጥ፤ ፋርማሲ ስትማር ጎበዝ ከሚባሉት አንዷ ነበረች። ዓይኗ ቀልቷል።

«እትዬ ገላነሽ፣ አላህ ያጽናዎት፤ አባትዎን ሰማሁ። በዚህ ሰዓት ላስቸግርዎት አልነበረም… ወረቀቴን ከለከሉኝ። ፈተና አልተቀመጥሽም አሉኝ።»

«ማነው ያለው?»

«ኮምፒውተሩ።»

ጅግጅጋ አንድ ትልቅ ፋርማሲ ቀጥሯታል። ጊዜያዊ የምስክር ወረቀቷን እስከ ቅዳሜ ካላመጣች ከእሷ ቀጥሎ ያለውን ሰው እንወስዳለን ብለዋታል። አባቷ ዓይነ ስውር ናቸው፤ ታናናሾቿ አራት ናቸው፤ በዚያ ቤት ሥራ ያገኘች የመጀመሪያዋ እሷ ናት። ይኼን ሁሉ ሳልጠይቃት ነገረችኝ፤ ከዚያ አፏን በሻሿ ጫፍ ያዘች።

የሬጅስትራሩን ኮምፒውተር ከፈትኩ። የአርባ አንድ ተመራቂዎች የመጨረሻ ፈተና ውጤት ባዶ ነው። ወይዘሮ ሮማነወርቅ ቀብሩ ሁለት ቀን ሲቀረው አስገብተው የዘጉት፣ እኔ ራሴ አይቼ ያረጋገጥኩት ውጤት የለም። በምትኩ የዓምናው ቅጂ ተጭኖበታል። ማን መቼ እንደገባ የሚመዘግበውን ሎግ ገለጥኩ። ኅዳር አሥራ አራት፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ ሁለት ደቂቃ። ስም፦ ገላነሽ ተክለጻድቅ።

ስሜን አየሁትና ነደድኩ። ሁለቱን መስኮት ጎን ለጎን ከፍተዋል፣ ሁለቱም ላይ ያው ዓርማ አለ፣ መለማመጃው መስሏቸው እውነተኛው ላይ ጫኑበት። የሌሊት ቅጂስ የለም ወይ? አለ። አንድ ዲስክ ላይ ነው፤ በየሌሊቱ አዲሱ በአሮጌው ላይ ይጻፋል። ስምንት ሌሊት ሙሉ የተበላሸውን ሲቀዳ ከርሟል። ሁለተኛ ዲስክ ይገዛ ብዬ ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ በጀት የለም ተብያለሁ፤ ለዓርማው ሥዕል ግን በጀት ነበር።

አቶ እንደሻው ቢሮ ገባሁ። ሳላንኳኳ።

«እኔ መለማመጃውን ነው የከፈትኩት» አሉ።

«አልነበረም።»

«ታዲያ የገባው ስም የማን ነው?»

«የእኔ።»

«እንግዲህ» አሉና እጃቸውን ዘረጉ።

ያን መዳፍ አየሁት። ታጥቦ ጠርቷል።

የመምህራኑ የወረቀት ውጤት መዝገብ ቤት ቁም ሣጥን ውስጥ አለ፤ መልሶ ማስገባት የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ግን የተዘጋ ውጤት የሚነካው በቃለ ጉባኤ ብቻ ነው። ቃለ ጉባኤው ደግሞ ማን እንዳጠፋው፣ እንዴት እንደጠፋ መናገር አለበት፤ ዲኑን ጨምሮ አምስቱም የኮሌጁ ኮሚቴ አባላት ይፈርማሉ። አንዱ ፊርማ ከጎደለ ዘቢባ ወረቀት የላትም።

ዓርብ ጠዋት ተሰበሰብን። ቃለ ጉባኤው ተዘጋጅቶ ጠበቀኝ፤ አቶ እንደሻው ራሳቸው አርቅቀውታል። «የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊዋ በሐዘን ምክንያት ትኩረት በማጣት በፈጸሙት ስሕተት…» ይላል። በሐዘን ምክንያት! አባቴን ደግሞ ምክንያት አደረጉልኝ።

«ፈርሚና ይለቅ» አሉኝ። «ማስጠንቀቂያ ብቻ ነው። ዓመት ሲሞላው ከፋይልሽ አወጣዋለሁ፣ ቃሌ ነው።»

ጠረጴዛውን ዙሪያውን አየሁ። ወይዘሮ ሮማነወርቅ፣ ሐሊማ፣ የፋርማሲው፣ የሒሳቡ። አራቱም ድንኳን ውስጥ ነበሩ። አራቱም እስከ አሥር ሰዓት አጠገቤ ተቀምጠዋል።

«ኅዳር አሥራ አራት፣ ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ ሁለት ላይ እኔ የት ነበርኩ?» አልኩ።

የሒሳቡ ኃላፊ የእስክሪብቶውን ክዳን ይከፍታል፣ ይዘጋል። እኔኮ ዝምታ እችላለሁ፤ ዝምታን የማልችለው ለቅሶዬ ላይ ንፍሮ ከቀመሰ ሰው ሲመጣ ነው።

«ከቤት በስልክሽ ገብተሽ ይሆናል» አሉ አቶ እንደሻው።

«በየትኛው ኢንተርኔት? የሞባይሉ በአገሩ ሁሉ ከተዘጋ ስንት ጊዜው ነው? ደግሞስ በአባቴ ሠልስት ፍራሽ ላይ ተቀምጬ የተማሪ ውጤት ስሰርዝ አየሁ የሚል ይነሳ!»

ወይዘሮ ሮማነወርቅ እጃቸውን ክንዴ ላይ አሳረፉ።

«ገላዬ» አሉ ቀስ ብለው፣ «አንቺ የበደለሽን ለእግዚአብሔር ስጪው። ልጅቷን እይ። ለልጅቷ ስትዪ ፈርሚ።»

በሩ መስተዋት ነው። ዘቢባ ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጣ የሻንጣዋን ማንገቻ በሁለት እጇ ይዛለች። ሻንጣዋን ይዛ ነው የመጣችው፤ ወረቀቱን ተቀብላ በቀጥታ ወደ ጅግጅጋ መኪና ልትሄድ። ይኼ ነው ያቃጠለኝ። እሳቸው የሚፈሩት የለም፤ እኔ ግን ለልጅቷ እፈራለሁ። በእሷ ነው የያዙኝ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት እንዲህ ነው፤ አህያው እሳቸው፣ ዳውላዋ እኔ ነኝ።

«እሺ፤ እፈርማለሁ» አልኩ።

የሁሉም ትከሻ ወረደ። አቶ እንደሻው ፈገግ አሉና ወረቀቱን ገፉልኝ።

«ግን ይኼን አይደለም። ጥፋቴን በራሴ እጅ እጽፋለሁ።»

ነጭ ወረቀት ሳብኩና ጻፍኩ። ጽሕፈቴ የአባቴ ነው፤ ቀጥ ያለ፣ የማይዘምም። ስጨርስ ቆሜ አነበብኩላቸው።

«እኔ ገላነሽ ተክለጻድቅ፣ ኅዳር 14 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ በአባቴ ሠልስት፣ ድንኳን ውስጥ፣ የኮሌጁ ዲን አቶ እንደሻው እጄን ይዘው እያጽናኑኝ ሳለ ሲጠይቁኝ፣ ዘጠኙን ኮምፒውተሮች የሚከፍተውን ፓስወርድ በጆሯቸው ነገርኳቸው። እሳቸውም መዳፋቸው ላይ ጻፉት። ፓስወርድ ለማንም አይሰጥም የሚለውን ደንብ ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ያፈረስኩትም እኔ ነኝ። ጥፋቴ ይኸው ነው። በዘጠኝ ሰዓት ከአርባ ሁለት ደቂቃ በስሜ ገብቶ የአርባ አንድ ተማሪዎችን ውጤት ያጠፋው ሰው እኔ አይደለሁም፤ እኔ ከድንኳኑ አልወጣሁም። ከዚህ በታች የምንፈርም ሁሉ በዚያ ሰዓት አብረን ነበርን፤ ያልነበረ ካለ አልነበርኩም ብሎ ይጻፍ።»

አቶ እንደሻው ፊታቸው ጠቆረ።

«ለቅሶን ቃለ ጉባኤ ውስጥ ታስገቢያለሽ? ነውር አይደለም?»

«ነውሩ ድንኳን ውስጥ ነው የተሠራው፣ አቶ እንደሻው። እኔ የጻፍኩት ብቻ ነው።»

«ይቺን የመዳፍ ነገር አውጪያት።»

«አላወጣም።»

«እንግዲያው ልጅቷ ትቅር!»

ድምፃቸው መስተዋቱን አልፎ ሄዶ ነው መሰል ዘቢባ ቀና አለች። ያኔ ሐሊማ ወንበሯን ወደ ኋላ ገፋች። ሐሊማ በሃያ ዓመት ሥራዋ ድምፅዋን ከፍ ስታደርግ ሰምቼአት አላውቅም፤ ቤተ መጻሕፍት ነዋ።

«አቦ አምጪው!» አለች። «ወላሂ አፈርኩ። ከጠዋት ጀምሮ አፍሬ ነው የተቀመጥኩት። እኔ አጠገባቸው ነበርኩ፤ ሲጽፉ በዓይኔ አይቻለሁ። ነገ አላህ ፊት ምን ልል ነው፣ ስብሰባ ላይ ነበርኩ ልል ነው?»

ፈረመች። ወረቀቱን ለፋርማሲው ኃላፊ ሰጠችው። እሱ በሩን አየ፣ ዘቢባ ተማሪው ናት፤ ፈረመ። ወይዘሮ ሮማነወርቅ አማተቡና ፈረሙ። የሒሳቡ ሰው «እኔ እንኳ ወደ መውጫው ነበርኩ የተቀመጥኩት» ሲል ጀመረና ሐሊማ አየችው፤ ፈረመ። ወረቀቱ አቶ እንደሻው ፊት ቆመ።

አራት ፊርማ ያለበትን ወረቀት አልቀበልም ቢሉ ‹አልነበርኩም› ብለው መጻፍ አለባቸው። ያን ቢጽፉ ደግሞ በዚያ ሰዓት ኮምፒውተሩ ጋ የነበርኩት እኔ ነኝ ብለው አራት ሰው ፊት ማመናቸው ነው። እስክሪብቶውን ወረቀቱ እስኪቀደድ ተጭነው ፈረሙና በሩን በላያችን ዘግተው ወጡ። ዘቢባን ሲያልፏት ለሰላምታ ብድግ አለችላቸው፤ አላዩአትም።

ያን ቀን ምሳ አልበላሁም። ወይዘሮ ሮማነወርቅ ከወረቀቱ ያነባሉ፣ እኔ አስገባለሁ። ቀዩን ቀለም አስቀድሜ መልሼዋለሁ፤ ማንንም አላስፈቀድኩም። ፓስወርዱንም ቀይሬአለሁ። ስምንት ሰዓት ላይ የዘቢባ ወረቀት ማኅተም ተመታበት። እጄን ልትስም ጎንበስ ስትል ከለከልኳት፤ መኪናው እንዳያመልጥሽ ብዬ አባረርኳት።

ፍርዱ በሳምንቱ ከኮሌጁ ባለቤቶች መጣ። ለእኔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ፣ ፓስወርድ አሳልፎ በመስጠት። ለአቶ እንደሻው የቃል ምክር። ለእኔ በወረቀት፣ ለእሳቸው በቃል! የእኔ ፋይሌ ውስጥ ዕድሜዬን ይኖራል፤ የእሳቸው ከቢሮው በር ሳይወጣ ተነነ። ደብዳቤውን ተቀበልኩ፣ ተቀብያለሁ ብዬ ፈረምኩ፣ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ በእግሬ አቦከር ድረስ ሄድኩ። ባጃጅ ብሳፈር ሾፌሩን የምሰድብ መስሎኝ ነው።

እናቴ ዘነበች በጥቁር ነጠላዋ በረንዳው ላይ ተቀምጣ ነበር። ጎኗ ተቀመጥኩ። ደብዳቤውን ላሳያት፣ ሁሉንም ከመጀመሪያው ልነግራት፣ አብራኝ እንድትሰድብልኝ ቦርሳዬን ከፈትኩ።

«እኔ የምልሽ ልጄ» አለች ፊቴን ሳታይ፣ «ያ አለቃሽ፣ በሠልስቱ ቀን ጆሮሽ ላይ ያን ያህል የነገረሽ ምንድን ነው?»

«የቱ?»

«እጅሽን ይዞ። ሌላው ሰው አንድ ቃል ብሎ ነው የሚያልፈው፤ እሱ ግን ስንት ነገር ነገረሽ፣ አንቺም መለስሽለት። አባትሽ ከሞተ ወዲህ ያናገርሽው ሰው እሱ ብቻ ነው። በማግስቱም ጸንተሽ ዋልሽ። እኔማ ይኸው ዕለት ዕለት በጸሎቴ እያነሳሁ እመርቀዋለሁ፤ ልጄን አጽናናልኝ ብዬ። ምን ብሎሽ ነው?»

አምስት ሰው ፊት ቆሜ ያነበብኩት ወረቀት አፌ ላይ መጣ። ድንኳኑ፣ መዳፉ፣ ሰባት ቁጥሩ። የእናቴን ፊት አየሁ። ቦርሳዬን ዘጋሁት።

«‹እግዚአብሔር ያጥናሽ› ነው ያለኝ፣ እማዬ» አልኳትና ያን ጊዜ አለቀስኩ።